ቤት ሲገዙ ከእርስዎ ጎን የተቀመጠው ማን ነው?

በሐይፋና በአካባቢዋ ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ማብራሪያ



ከመቀበያ ማዕከል (መርካዝ ክሊታ) ወጥቶ የራስ በሆነ ቤት መኖር የእያንዳንዱ ቤተሰብ ምኞት ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ብዙዎች ወደ እስራኤል ከመምጣታቸው በፊት ቤት ገዝተው አያውቁም። በገጠር ጎጆ የሚሠራው ዘመድና ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ነበር፤ እንጨቱ ይቆረጣል፣ ጭቃው ይቦካል፣ ክዳኑ ይከደናል፣ የደገሰው ያበላል። መሬቱን በሚመለከት ደግሞ በቀድሞው ዘመን አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም፤ የሚያርሰው የሌላ ሰው መሬት ነበር። ከ1975 ጀምሮም (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥት ስለሆነ መሸጥና መግዛት በሕግ ተከለከለ።

ስለዚህ የቤት ግዢን አለማወቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ነገር ግን ቤት መግዛት አንድ ቤተሰብ በሕይወቱ ከሚያደርጋቸው ውሎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ዕዳውም ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህ ማብራሪያ አንድ ዋና ነገር ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው፦ በግዢው ጊዜ ብዙ ሰዎች ያገኛሉ፣ ሁሉም በደግ ፊት ያነጋግሩዎታል፤ ከእነርሱ መካከል ግን ቢያንስ አንዱ የእርስዎ ብቻ መሆን አለበት።

ነገሩን ከምናውቀው ጋር እናነጻጽረው። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ የወንዱ ወገን የራሱን ሽማግሌዎች ይልካል፣ የሴቷም ወገን የራሱን ሰዎች ያስቀምጣል። የወንዱ ሽማግሌዎች የቱንም ያህል የተከበሩና እውነተኞች ቢሆኑ፣ ለሴቷ ቤተሰብም እነርሱ ይናገሩ የሚል ማንም የለም። ቤት መግዛትም እንዲሁ ነው።

በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች

ቤት ሲገዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉትን ሰዎች ያገኛሉ። እያንዳንዱ ለማን እንደሚሠራ ይወቁ።

ሀ. ሻጩ። ፍላጎቱ ቤቱን በተቻለ መጠን በከፍተኛ ዋጋ መሸጥ ነው። ይህ መብቱ ነው።

ለ. ቤቱን ያስተዋወቀው ደላላ (ሜታቬኽ)። በጋዜጣ፣ በኢንተርኔት ወይም በሰገነቱ ላይ በተሰቀለው ማስታወቂያ የስልክ ቁጥሩን ያገኙት ሰው ነው። በብዙ ጊዜ ቤቱን እንዲሸጥ አስቀድሞ ከሻጩ ጋር ተፈራርሟል። ብቸኛ ደላላ ለመሆን (ቢልዓዲዩት) ተዋውሎም ሊሆን ይችላል፤ ለመኖሪያ ቤት እንዲህ ያለው ውል እስከ 6 ወር ሊዘልቅ ይችላል።

ሐ. የሻጩ ጠበቃ (ዖሬኽ ዲን)። ውሉን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው፤ የሚጽፈውም የሻጩን ጥቅም እየጠበቀ ነው።

መ. ባንኩና የባንኩ ገማች (ሻማይ)። የገማቹን ክፍያ እርስዎ ቢከፍሉም፣ ግምቱ የሚሠራው ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ ዋስትና እንዲኖረው ነው።

ሠ. አማርኛ የሚናገረው አገናኝ። ወደ ደላላው ቢሮ የወሰደዎት የሠፈር ሰው፣ የዘመድ ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች በቅን ልቦና ይረዳሉ። አንዳንዱ ግን ለእያንዳንዱ ላመጣው ገዢ ከደላላው ገንዘብ ይቀበላል። ቋንቋችንን የሚናገር ሁሉ በዚያች ሰዓት የእኛ ወገን ነው ማለት አይደለም። «ከዚህ ግዢ የሚያገኙት ገንዘብ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቅን ሰው በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

እንግዲህ ይቁጠሩ፦ አምስት ሰዎች አሉ፤ የእርስዎ ብቻ የሆነ ግን እስካሁን አንድም የለም።

ሕጉ ስለ ደላላ ምን ይላል?

በእስራኤል የደላሎች ሥራ በ1996 በወጣው የማይንቀሳቀስ ንብረት ደላሎች ሕግ ይመራል። ከሕጉ ውስጥ ለገዢ በጣም የሚጠቅሙት የሚከተሉት ናቸው።

1. ደላላ ፈተና አልፎ ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ (ሪሻዮን) ማግኘት አለበት። ፈቃድ የሌለው ሰው የድለላ ገንዘብ የመጠየቅ መብት የለውም። ፈቃዱን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ስሙ በደላሎች መዝገብ ውስጥ መኖሩንም ማጣራት ይቻላል።

2. ደላላ በታማኝነትና በቅንነት መሥራት፣ ስለ ቤቱ የሚያውቀውንም ዋና ዋና ነገር ሁሉ ለደንበኛው መንገር አለበት። ጣሪያው እንደሚያፈስ ወይም ሰገነቱ ያለ ፈቃድ እንደተሠራ እያወቀ ዝም ማለት አይፈቀድለትም።

3. ክፍያ ለመጠየቅ ደንበኛው የፈረመበት የጽሑፍ ትእዛዝ (ሃዝማና ቢኽታቭ) በእጁ መኖር አለበት። በዚህ ጽሑፍ ላይ የሁለቱም ወገኖች ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤቱ መግለጫ፣ የተጠየቀው ዋጋና የደላላው ክፍያ መጠን ይጻፋል።

4. ክፍያው የሚገባው ገዢና ሻጭ የሚያስገድድ ውል ሲፈራረሙና ለውሉ ዋና ምክንያት የሆነው እርሱ ሲሆን ነው። ቤት ስላሳየ ብቻ ክፍያ አይገባውም።

5. በቤቱ ላይ የግል ጥቅም ያለው ደላላ ይህንኑ በጽሑፍ ማሳወቅና የደንበኛውን ፈቃድ ማግኘት አለበት።

6. ደላላ ውልና ሌሎች የሕግ ጽሑፎችን ማዘጋጀት፣ በማዘጋጀትም መርዳት አይፈቀድለትም።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ አንድ ደላላ ከሻጩም ከገዢውም ክፍያ መቀበል በሕጉ አልተከለከለም። በእስራኤል በብዛት የተለመደውም ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ሲሆን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ (ማዓም) በላዩ ይታከላል። ይህ 2 በመቶ ልማድ ነው እንጂ በሕግ የተወሰነ ዋጋ አይደለም፤ ስለዚህ መደራደር ይቻላል።

ለምን የራስዎ ደላላ ያስፈልግዎታል?

በቁጥር እንመልከተው። የአንድ ቤት ዋጋ 1,000,000 ሸቅል ነው እንበል። ደላላው ከእርስዎ 2 በመቶ ማለትም 20,000 ሸቅል ይጠይቃል። ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ታክስ 3,600 ሸቅል ይጨመርበትና 23,600 ሸቅል ይሆናል። ከሻጩም ተመሳሳይ ክፍያ ሲቀበል ታክሱ ሳይታሰብ 40,000 ሸቅል በእጁ ይገባል።

አሁን እርስዎ ዋጋው ወደ 950,000 ሸቅል እንዲወርድ ፈለጉ። ቢወርድ እርስዎ 50,000 ሸቅል ያተርፋሉ። ደላላው የሚያጣው 2,000 ሸቅል ብቻ ነው። ነገር ግን ሻጩ ተቆጥቶ ሽያጩን ቢተወው፣ ደላላው 40,000 ሸቅሉን በሙሉ ያጣል። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ደላላ የሆነ ሰው ትልቁ ፍላጎት የዋጋው መውረድ አይደለም፤ ውሉ ቶሎ መፈረሙ ነው። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ክፍያው የተሠራበት መንገድ እንዲህ ስለሆነ ነው። «ሌላ ገዢ ዛሬ ማታ ይመጣል፣ አሁኑኑ ይፈርሙ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይህን ሒሳብ ያስታውሱ።

ሁለተኛው ምክንያት ምስጢር ነው። ለሻጩ ደላላ ባንኩ ስንት እንደፈቀደልዎት ወይም ከመንግሥት ምን ያህል ዕርዳታ እንደሚያገኙ ከነገሩ፣ ለሻጩም እንደነገሩ ይቁጠሩት። በዚህ ረገድ ከታሪካችን የምንማረው አለ። በ1984 እና በ1985 መጀመሪያ በሞሼ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በመቀበያ ማዕከላትና በካራቫን ሰፈሮች፣ ለምሳሌ በዓኮ አቅራቢያ በነበረው በሐፅሮት ያሳፍ፣ ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል። ከዚያ እንዲወጡ መንግሥት በ1993 ለኢትዮጵያ ገቢዎች ልዩ የማሽካንታ ፕሮግራም አወጣ፤ አብዛኛው ገንዘብ የማይመለስ ስጦታ (ማዓናክ) ነበር። ፕሮግራሙ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ቤት አስገኝቷል። ሆኖም የገንዘቡ ልክ በአደባባይ የታወቀ ነበር፤ ገዢው ብቻ ሳይሆን ሻጩና ደላላውም ያውቁት ነበር። ገዢው የሚከፍለው የመጨረሻ ገንዘብ አስቀድሞ ሲታወቅ የቤቱ ዋጋ ወደዚያው ገንዘብ ይጠጋል፤ ይህ በየትኛውም ገበያ ያለ ነው። ዛሬም ለእርስዎ የሚገባው ዕርዳታ ስንት እንደሆነ በአልያና ክሊታ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ይጠይቁ፤ ከጠየቁ በኋላ ግን ቁጥሩን ለራስዎ፣ ለጠበቃዎና ለራስዎ ደላላ ብቻ ያቆዩት።

ሦስተኛው ምክንያት የሰፈር ምርጫ ነው። በየከተማው ብዙዎቹ ቤተሰቦቻችን በጥቂት ሰፈሮች ተሰባስበው ቀርተዋል። አንዳንዱ በዘመድ አጠገብ መኖርን መርጦ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሌላ ቤት ስላልታየው ነው። በ2012 መጀመሪያ በቂርያት መላኺ በአንዳንድ ሕንፃዎች ያሉ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዘገባ በቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ ተቃውሞውን ገልጿል። «ይህ ሰፈር ለእናንተ አይሆንም» የሚል ደላላ ቢያጋጥምዎት፣ ሰፈሩን የሚመርጡት እርስዎ መሆንዎን ይንገሩት። የት እንደሚኖሩ፣ ልጆችዎ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማሩ የሚወስነው ቤተሰብዎ ነው። የራስዎ ደላላ የጠየቁትን ሰፈር ያሳያል፤ ካላሳየ የእርስዎ ደላላ አይደለም።

ዘመዶቻችን በአሜሪካ የሚነግሩን

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች «የራስህን ደላላ ያዝ» ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሁለቱ አገሮች አሠራር ግን የተለያየ ነው። በአሜሪካ ገዢና ሻጭ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደላላ መያዛቸው የተለመደ ነው፤ ከነሐሴ 2024 ጀምሮም በትልቁ የደላሎች ማኅበር ሥር የሚሠሩ ደላሎች ለገዢ ቤት ከማሳየታቸው በፊት ከእርሱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም አለባቸው። በእስራኤል ግን ገዢን ብቻ የሚወክል ደላላ አለ እንጂ እንደዚያ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ እዚህ አገር የራስዎ ደላላ እንዲኖርዎት ከፈለጉ፣ እርስዎ ራስዎ መፈለግና በጽሑፍ መስማማት ይኖርብዎታል።

ከራስዎ ደላላ ጋር እንዴት ይስማማሉ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በሚፈርሙት የጽሑፍ ትእዛዝ ላይ የሚከተሉት ነገሮች እንዲጻፉ ይጠይቁ።

1. ደላላው የሚወክለው ገዢውን ብቻ እንደሆነና ከሻጩም ሆነ ከሻጩ ደላላ ምንም ክፍያ እንደማይቀበል።

2. ክፍያው ስንት እንደሆነና ታክሱ በውስጡ መኖር አለመኖሩ። ከተቻለ ክፍያው በመቶኛ ሳይሆን የተቆረጠ ገንዘብ ይሁን። በመቶኛ ከሆነ የራስዎ ደላላም ቢሆን ዋጋው በጨመረ ቁጥር የበለጠ ያገኛል።

3. የሚከፈለው የግዢው ውል ሲፈረም እንጂ ከዚያ በፊት አለመሆኑ።

4. የሚፈልጉት ቤት ዓይነትና ሰፈር፣ እንዲሁም ስምምነቱ የሚቆይበት ጊዜ።

5. ቤቱን ያስተዋወቀው ደላላ ከእርስዎም ክፍያ ከጠየቀ ምን እንደሚደረግ። ሁለቱ ደላሎች ተባብረው ቢሠሩ እያንዳንዱ ከየራሱ ወገን ብቻ ቢቀበል ተገቢ ነው። ይህ የሚወሰነው ወደ ቤቱ ከመግባትዎ በፊት ነው።

ማሳሰቢያ፦ ብዙ ደላሎች ቤት ሊያሳዩ ሲሄዱ በሕንፃው በር ላይ ወረቀት አውጥተው «ቤቱን ማየትዎን ብቻ የሚያረጋግጥ ነው» ይላሉ። ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ የተገለጸው የጽሑፍ ትእዛዝ ነው፤ ቤቱን ከገዙ ሊያስከፍልዎት ይችላል። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ከፈረሙ ቅጂውን ይቀበሉ። ያዩአቸውን ቤቶች አድራሻ፣ ቀኑንና ያሳየዎትን ሰው ስም በደብተር ይመዝግቡ። ሌላ ደላላ ያንኑ ቤት ሊያሳይዎት ቢወስድዎት «ይህን ቤት አይቼዋለሁ» ብለው ከመግባትዎ በፊት ይንገሩት፤ አለበለዚያ ለአንድ ቤት ሁለት ደላሎች ክፍያ ሊጠይቁዎት ይችላሉ።

በሐይፋ የራስዎ ደላላ ምን ያጣራልዎታል?

ሐይፋ ከባሕሩ ዳር ተነሥታ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የምትወጣ ከተማ ናት። ከታች ታችኛው ከተማ፣ በመካከል ሐዳር፣ ከላይ የካርሜል ሰፈሮች አሉ። በ1959 የተከፈተው የካርሜሊት ባቡር ከፓሪስ አደባባይ እስከ ጋን ሃኤም ድረስ በስድስት ጣቢያዎች ይህንኑ ዳገት ይወጣል። በተራራው ወገብ ላይ እንደ ኔቬ ሸአናንና ኔቬ ዮሴፍ ያሉ ሰፈሮች፣ በሜዳው ደግሞ ቂርያት ሐይም ይገኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት የቅራዮት ከተሞች የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው። አንድ ዓይነት ስፋት ያላቸው ሁለት ቤቶች፣ በመካከላቸው አጭር መንገድ ብቻ እያለ፣ ዋጋቸው በጣም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሠራ ደላላ የሚከተሉትን ሊያጣራልዎት ይገባል።

ዋጋ። በአካባቢው ያሉ ቤቶች በእውነት የተሸጡበት ዋጋ በግብር ባለሥልጣን የኢንተርኔት ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይታያል። በማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ሻጩ የተመኘው ዋጋ ነው፤ በግብር ባለሥልጣን መዝገብ ያለው ግን የተከፈለው ነው። ደላላው በዚያው መንገድ ላይ በቅርብ የተሸጡትን ቤቶች ዝርዝር እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

ደረጃ። በሐይፋ ብዙ ሕንፃዎች በዳገት ላይ ስለተሠሩ «ሁለተኛ ፎቅ» የተባለው ቤት ከመንገዱ ብዙ ደረጃ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሊሆን ይችላል። የቆዩ ሕንፃዎች ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውም። አረጋዊ አባት ወይም እናት ካሉዎት ከመስማማትዎ በፊት ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤቱ በር በእግራቸው ይሞክሩት። ዛሬ የሚወጡት ደረጃ ከአሥር ዓመት በኋላ ቤት ውስጥ የሚዘጋቸው መሆን የለበትም።

የሕንፃው ዕድሜና መጠለያ። ከ1980 በፊት ፈቃድ ከወጣላቸው ሕንፃዎች ብዙዎቹ ለመሬት መንቀጥቀጥ በወጣው መስፈርት አልተሠሩም። ሐይፋ ደግሞ በ1991፣ በ2006፣ እንዲሁም በ2024 እና በ2025 በሚሳይልና በሮኬት ተመትታለች። ስለዚህ ቤቱ የተጠናከረ ክፍል (ማማድ) እንዳለው፣ ከሌለው በሕንፃው ውስጥ መጠለያ (ሚቅላት) እንዳለና እስከዚያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጠይቁ።

የተስፋ ቃል። «ይህ ሕንፃ በቅርቡ ፈርሶ አዲስ ይሠራል (ፒኑይ ቢኑይ)፣ አዲስ ቤት ያገኛሉ» እየተባለ ዋጋ ይጨመራል። ዕቅዱ በፕላን ኮሚቴ ጸድቋል ወይስ ገና ሐሳብ ነው? የጸደቀ ከሆነ ጽሑፍ አለው። ጽሑፍ ለሌለው ተስፋ ገንዘብ አይክፈሉ።

ጉዳት። እርጥበት፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የቆየ የውኃ ቧንቧ። ቤቱን አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በማታ ይዩት፤ ከተቻለም ከዝናብ በኋላ። ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን መሐንዲስ ማስመርመር ገንዘብ ያስወጣል፤ ከፈረሙ በኋላ የሚገኝ ጉዳት ግን ይበልጥ ያስወጣል።

ደላላ የማይተካው ሰው፦ የራስዎ ጠበቃ

ጥሩ የራስዎ ደላላ ማግኘት ካልቻሉ ወይም የሚከፍሉት ከሌለዎት፣ ቤቱን ያለ ደላላ መግዛት ይቻላል። ያለ ራስዎ ጠበቃ ግን ፈጽሞ አይግዙ። የሻጩ ጠበቃ «ለሁለታችሁም እሠራለሁ፣ ገንዘብ ትቆጥባላችሁ» ቢል አይቀበሉ።

ጠበቃዎ ከውሉ በፊት የቤቱን የምዝገባ ወረቀት (ኔሳኽ ታቡ) አውጥቶ ያነባል። በዚህ ወረቀት ላይ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የሻጩ ማሽካንታ፣ የፍርድ ቤት እገዳ (ዒቁል) ወይም የሌላ ገዢ ማስጠንቀቂያ ካለ ይታያል። ሁሉም ቤት ግን በታቡ አልተመዘገበም፤ አንዳንዱ በእስራኤል መሬቶች ባለሥልጣን፣ አንዳንዱም በቤት ሠሪ ድርጅት መዝገብ ነው። የት እንደተመዘገበ የሚያጣራው ጠበቃው ነው። ውሉ እንደተፈረመም በስምዎ ማስጠንቀቂያ (ሄዓራት አዝሃራ) ያስመዘግባል፤ ይህም ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ይከላከልልዎታል። ማስጠንቀቂያው እስኪመዘገብ ድረስ የመጀመሪያው ክፍያ በጠበቃ እጅ በአደራ እንዲቆይ ይደረጋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠነቀቁበት «ዚኽሮን ድቫሪም» የሚባል አጭር ወረቀት ነው። «መስማማታችንን እንጻፍ፣ ዋናው ውል በኋላ ይመጣል» ተብሎ በአንድ ገጽ ይፈረማል። ይህ ወረቀት እንደ ውል ሊያስገድድዎት ይችላል። ባንኩ ብድሩን ቢከለክልዎት እንኳ ካሣ ሊያስከፍልዎት ይችላል። ደላላ እንዲህ ያለውን ወረቀት ማዘጋጀት እንደማይፈቀድለት ከላይ አይተናል። ወረቀቱን ይዞ ከመጣ «ጠበቃዬ ይየው» ብለው ይነሡ።

ጠበቃው ከታክስም ጋር የተያያዘ ሥራ አለው። ግዢው በ30 ቀን ውስጥ ለመሬት ታክስ መሥሪያ ቤት ይገለጻል፤ የግዢው ታክስ (ማስ ረኺሻ) ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ይከፈላል። አዲስ ገቢ ከመጣ እስከ 7 ዓመት ድረስ በዚህ ታክስ ላይ ቅናሽ የማግኘት መብት ሊኖረው ስለሚችል የአዲስ ገቢነት ደብተርዎን (ተዑዳት ዖሌ) ለጠበቃው ያሳዩ።

አዲስ ቤት ከሠሪው ሲገዙ

ከቤት ሠሪ (ካብላን) ሲገዙ በሽያጭ ቢሮው ያለው ሰው የካብላኑ ሠራተኛ ነው። የካብላኑ ጠበቃም የካብላኑ ነው፤ ምንም እንኳ ለምዝገባ ሥራ ከእርስዎ ገንዘብ ቢቀበልም እርስዎን አይወክልም። የራስዎን ጠበቃ ማምጣት መብትዎ ነው። ካብላኑ እንደ ባንክ ዋስትና ያለ በሕግ የተወሰነ ዋስትና ካልሰጠዎት ከቤቱ ዋጋ ከ7 በመቶ በላይ እንዲቀበል ሕጉ አይፈቅድለትም። ዋስትናውን ሳያዩ ተጨማሪ ገንዘብ አይስጡ።

ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ

ልጆች ዕብራይስጥን ከወላጆቻቸው ፈጥነው ይማራሉ፤ በብዙ ቤት የመንግሥት ደብዳቤ የሚያነበው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ነገር ግን የውል ቋንቋ ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው። ልጁ ያልገባውን ቃል ለማለፍ «ምንም አይደለም» ሊል ይችላል፤ ነገሩ ኋላ ቢበላሽም ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ይህን ሸክም በልጅዎ ላይ አይጣሉ። ከሻጩም ከደላላውም ገንዘብ የማይቀበል ትልቅ ሰው አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ። ውሉ በቃል ሙሉ በሙሉ እስኪተረጎምልዎት ድረስ አይፈርሙ፤ «ዛሬ አልፈርምም፣ ወስጄ አስነብበዋለሁ» ማለት መብትዎ ነው።

ቅደም ተከተሉን ያስታውሱ

1. የሚገባዎትን ዕርዳታ ከሚኒስቴሩ ይጠይቁ፤ ከባንክም የመነሻ ፈቃድ (ኢሹር ዔቅሮኒ) ያውጡ። ለመጀመሪያ ቤት ባንክ የሚያበድረው ቢበዛ የዋጋውን 75 በመቶ ነው። የወር ክፍያውን ከወር ገቢዎ ጋር ያመዛዝኑ።

2. ቤት ከመፈለግዎ በፊት ጠበቃ ይምረጡ፤ ዋጋውን በጽሑፍ ይስማሙ።

3. የራስዎን ደላላ ከያዙ፣ እርስዎን ብቻ እንደሚወክል በጽሑፍ ይፈራረሙ።

4. ቤቶችን ይዩ፣ ያዩትን ይመዝግቡ፣ በእውነት የተሸጡበትን ዋጋ ያነጻጽሩ።

5. የወደዱትን ቤት በመሐንዲስ፣ ምዝገባውን በጠበቃ ያስመርምሩ።

6. ውሉን ያስተርጉሙ፣ ከዚያ በኋላ ይፈርሙ።

7. ገንዘብ በጠበቃዎ በኩል ይክፈሉ፤ ለደላላም ሆነ ለሻጭ ደረሰኝ የሌለው ጥሬ ገንዘብ አይስጡ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ቤት ቢያመልጥዎት በሐይፋ ሌላ ቤት ይገኛል፤ በችኮላ የተፈረመ ወረቀት ግን ተመልሶ አይገኝም። ለመፈረም ብዕሩን ሲያነሡ አንድ ጊዜ ዙሪያዎን ይመልከቱና «እዚህ ካሉት ውስጥ የኔ ብቻ የሆነው ማን ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። በጣትዎ የሚያመለክቱት ሰው ካለ ይፈርሙ። ከሌለ ብዕሩን ያስቀምጡት።

ሰላምና በረከት የሞላበት ቤት ይሁንላችሁ!